ጌኦርግ ሲሞን ኦም፤ ስሙ በአምፕሊፋየር ጀርባ የተጻፈው አስተማሪ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ የብዙ ነገሥታትና የጦር አለቆች ስም በሐሳባችን መጣ። እኛ ግን ዙፋን ያልወረሰ፥ ጦርም ያልመራ፥ ከዕድሜው የሚበዛውን ጠመኔ ይዞ በተማሪዎች ፊት በመቆም ያሳለፈ አንድ አስተማሪ መረጥን። እርሱም ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው።

ይህን ሰው እንድንመርጥ ያደረገን የገዛ ራሳችን ጥፋት ነው። ለዚሁ በዓል የሚሆን መዝሙር በጊታር ታጅበን በአንድ ጓደኛችን ቤት ለመቅዳት አስበን የጊታር አምፕሊፋየር ተዋስን። አምፕሊፋየሩ የራሱ ስፒከር ስላልነበረው ከሌላ ስፍራ የስፒከር ሣጥን አምጥተን አገናኘነው። መሰኪያው ልክ ገባ፤ ድምፁም መልካም ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ሁሉ ነገር የተስማማ መሰለን። ጥቂት ቆይቶ ግን ድምፁ እየሻከረ ሄዶ በድንገት ጠፋ፤ ክፍሉንም የተቃጠለ ነገር ሽታ ሞላው። በኋላ የጠገነልን ባለሙያ አምፕሊፋየሩን አዙሮ በጀርባው የተጻፈውን አሳየን። ከ8 ኦም ያነሰ ስፒከር እንዳይቀጠልበት ያስጠነቅቃል። እኛ ያመጣነው ሣጥን ግን 4 ኦም ነበረ። ሁለቱም ቁጥሮች በጉልህ ተጽፈው ሳሉ ከመካከላችን ያነበባቸው አንድም ሰው አልነበረም። የጥገናውን ዋጋ አዋጥተን ከከፈልን በኋላ፥ ይህ ኦም የተባለው ነገር ምን እንደ ሆነ፥ ስሙንም የሰጠው ሰው ማን እንደ ነበረ ለማወቅ ተነሣን። ያገኘነውም ታሪክ ከከፈልነው ዋጋ የሚበልጥ ሆኖ ስላየነው ለአንባቢያን እናካፍላለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦም ማርች 16 ቀን 1789 በደቡብ ጀርመን ኤርላንገን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ዮሐን ቮልፍጋንግ ኦም ቁልፍ ሠሪ ነበረ። እናቱ ማርያ ኤሊሳቤት ቤክ የልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች። ከወለዷቸው ሰባት ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት ሦስቱ ብቻ ሲሆኑ፥ እናቲቱም ጌኦርግ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ሞተች። አባትየው ትምህርት ቤት ገብቶ ከፍ ያለ ትምህርት ያልተማረ ቢሆንም ከሥራው በሚተርፈው ጊዜ መጻሕፍት እያነበበ ራሱን ያስተማረ ሰው ነበረ። ልጆቹን ጌኦርግንና ማርቲንን የሒሳብ፥ የፊዚክስ፥ የኬሚስትሪና የፍልስፍና ትምህርት ራሱ አስተማራቸው። የብረት ሥራውንም አብረው ያዩ ነበር። የዩኒቨርሲቲው መምህር ላንግስዶርፍ ልጆቹን መርምሮ በእውቀታቸው ስለ ተደነቀ በስዊስ አገር ስመ ጥር ከነበሩት የሒሳብ ሊቃውንት ከበርኑሊ ወንድማማቾች ጋራ አመሳሰላቸው። በእርግጥም ማርቲን በኋላ ታዋቂ የሒሳብ ሊቅ ሆነ። የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው በሚናቅበት አገር ሁሉ ይህ ቁልፍ ሠሪ ሊታሰብ ይገባዋል። እኛም ወላጆቻችን የትምህርት ቤት ወንበር ባያገኙም ለልጆቻቸው ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ከእርሱ እናያለን።

ጌኦርግ በ1805 ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ነገር ግን የእኛ ዕድሜ እኩዮች እንደሚያደርጉት ጊዜውን በጭፈራ፥ በቢልያርድ ጨዋታና በበረዶ ላይ በመንሸራተት ያሳልፍ ጀመር። ይህን የሰማው አባቱ እጅግ ተቈጣ፤ እርሱ ያላገኘው ዕድል በከንቱ ሲባክን ለማየት አልፈቀደምና። በዚህም ምክንያት ጌኦርግ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ በ1806 ወደ ስዊስ አገር ሄደና ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ የሒሳብ አስተማሪ ሆነ። በዚያም ሳለ የታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንትን መጻሕፍት ብቻውን ያጠና ነበር። በ1811 ወደ ኤርላንገን ተመልሶ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ጥቂት ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ቢያስተምርም ደመወዙ ለኑሮ የማይበቃ፥ የማደግ ተስፋውም የመነመነ ስለ ሆነ ተወው። በ1813 ባምበርግ በሚገኝ አንድ ዝቅተኛ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። በዚያም ደስታ አላገኘም፤ ሆኖም ተስፋ በመቁረጥ ፈንታ ስለ ጂኦሜትሪ አስተማማር መጽሐፍ ጻፈ። ይህ መጽሐፍ በ1817 ከታተመ በኋላ ለፕሩስያ ንጉሥ ቀረበለት። በዚያው ዓመት ኦም ኮሎኝ ከተማ በሚገኘው የኢየሱሳውያን ጂምናዚየም ተብሎ በሚጠራው ትምህርት ቤት የሒሳብና የፊዚክስ አስተማሪ ሆኖ ተሾመ።

የሕይወቱ ታላቅ ሥራ የተሠራው በዚህ ትምህርት ቤት ነው። በኮሎኝ ጥሩ የፊዚክስ መሣሪያ ክፍል ነበረ። በ1820 የዴንማርኩ ሊቅ ኤርስቴድ በሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የማግኔት መርፌን እንደሚያንቀሳቅስ ስላሳየ የአውሮፓ ሊቃውንት ሁሉ ዓይናቸውን ወደዚህ ነገር አዙረው ነበር። ኦምም ከማስተማር በሚተርፈው ሰዓት መሣሪያውን ይዞ ተቀመጠ። ጥያቄው ቀላል የሚመስል ነበረ። ሽቦው ሲረዝም የኤሌክትሪኩ ፍሰት የሚቀንሰው በምን ያህል ነው? መቀነሱን ብዙዎች ያውቁ ነበር፤ ልኩን ግን የሚናገር አልነበረም።

በ1825 የመጀመሪያ ጽሑፉን አወጣ፤ ነገር ግን ያወጣው ቀመር ትክክል አልነበረም። ምክንያቱም የተጠቀመበት ባትሪ ኃይሉ በየጊዜው ከፍና ዝቅ ይል ስለ ነበረ ነው። መመዘኛው ራሱ የሚዋዥቅ ሚዛን እውነትን አይናገርም። ያን ጊዜ ፖገንዶርፍ የተባለ የሳይንስ መጽሔት አዘጋጅ፥ ሴቤክ የተባለው ሊቅ በ1821 ያገኘውን ዘዴ እንዲጠቀም መከረው። ኦም ምክሩን ሰምቶ ቢስመትና መዳብ የተባሉትን ሁለት ማዕድኖች አገናኘ፤ አንዱን መገናኛ በፈላ ውሃ፥ ሁለተኛውንም በበረዶ ውስጥ አኖረ። የፈላ ውሃና የሚቀልጥ በረዶ ሙቀታቸው ስለማይለዋወጥ ከእነርሱ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ግፊትም የጸና ሆነ። ከዚህ በኋላ ውፍረታቸው እኩል የሆነ ስምንት የመዳብ ሽቦዎች አዘጋጀ። ርዝመታቸውም 2፥ 4፥ 6፥ 10፥ 18፥ 34፥ 66 እና 130 ኢንች ነበረ። እያንዳንዱን በተራ እያገናኘ በላዩ የተንጠለጠለችው የማግኔት መርፌ ምን ያህል እንደምትሳብ ለካ፤ ደግሞም ለካ። የአባቱ የብረት ሥራ ያስተማረው እጅ በዚህ ጊዜ ጠቀመው።

በ1826 ያሳተመው ውጤት የቀድሞውን ስሕተቱን አረመ። ነገሩን በአጭሩ ስንናገረው እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገኘው ግፊቱን በተቃውሞው በማካፈል ነው። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ እጥፍ ይሆናል፤ ተቃውሞው እጥፍ ሲሆን ግን ፍሰቱ በግማሽ ይቀንሳል። ደግሞም ተቃውሞው የሽቦው ብቻ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩን የሚሰጠውም መሣሪያ በውስጡ የራሱ ተቃውሞ ስላለው ሁለቱ መደመር እንዳለባቸው ኦም አሳየ። ሰጪውንና ተቀባዩን ለያይቶ ማሰብ አይቻልም ማለት ነው። ወደ ታሪካችን መጨረሻ ስንደርስ ይህ ነገር ለጊታራችን ምን እንደሚጠቅም እናያለን።

ኦም ከትምህርት ቤቱ ለአንድ ዓመት በግማሽ ደመወዝ ፈቃድ ተቀብሎ ወንድሙ ወደሚኖርበት ወደ በርሊን ሄደና በ1827 የኤሌክትሪክ ዑደትን በሒሳብ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ መጽሐፍ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ያስገኝልኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ከጀርመን ሊቃውንት ብዙዎቹ ተፈጥሮ በሐሳብ እንጂ በቁጥር አይታወቅም የሚል ፍልስፍና ይከተሉ ነበር። ሌሎቹም በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሒሳብ ለመከተል ቸገራቸው። ፖል የተባለ የበርሊን ሰው ሥራውን በብርቱ ነቀፈው። የሚመኘውንም ሹመት ባለ ሥልጣኖቹ ሳይሰጡት ቀሩ። ኦም እጅግ ስላዘነ በ1828 የኮሎኝን ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል በበርሊን በጥቂት ደመወዝ ሒሳብ እያስተማረ ኖረ። ስለ ተቃውሞ ሕግ ያወጣው ሰው እርሱ ራሱ ይህን ያህል ተቃውሞ ደረሰበት።

ሆኖም እውነት የለካት ሰው ቢናቅም እርስዋ ራስዋ አትለወጥም። በላይፕዚግ ፌክነር የተባለው ሊቅ በ1831 ባሳተመው ምርመራ ሕጉን ደገፈው። ኦም በ1833 በኑረምበርግ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ተቀጠረ፤ በ1839 ዳይሬክተር ሆነ። በ1841 የለንደን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ከፍተኛ ሽልማቱ የሆነውን የኮፕሊ ሜዳይ ሸለመው። በሚቀጥለውም ዓመት የውጭ አገር አባል አደረገው። የገዛ አገሩ ሰዎች ሙሉ ክብር ከመስጠታቸው በፊት ባዕዳን አከበሩት። በ1843 ደግሞ ስለ ድምፅ አንድ ሌላ ሕግ አወጣ። ጆሮአችን አንድን ድምፅ ሲሰማ ብዙ ቀላል ድምፆችን ለይቶ እንደሚቀበል አስረዳ። አንድ የጊታር ክር ሲመታ የምንሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የወፍራምና የቀጭን ድምፆች ጥርቅም ነው። በ1849 ወደ ሙኒክ ተዛወረ፤ በ1852 ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲመኘው የነበረውን የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ወንበር አገኘ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 63 ዓመት ነበረ። በወንበሩም የተቀመጠው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ጁላይ 6 ቀን 1854 በሙኒክ ዐረፈ፤ ሚስትም አላገባም፥ ልጅም አልነበረውም።

ልጅ ያልነበረው ሰው ስም ግን ከብዙ አባቶች ስም ይልቅ ተሰራጨ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው የኤሌክትሪክ ሊቃውንት ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተቃውሞ መለኪያ ኦም እንዲባል ወሰነ። በ1886 ደግሞ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ በየጊዜው አቅጣጫውን እየለወጠ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ የሚያጋጥመውን ጠቅላላ ተቃውሞ ኢምፒዳንስ ብሎ ሰየመው። መለኪያው ግን ያው ኦም ሆኖ ቀረ። ከጊታር አምፕሊፋየር ወደ ስፒከር የሚሄደው ኤሌክትሪክ የሚመላለስ ስለ ሆነ በስፒከር ላይ የሚጻፈው ቁጥር የኢምፒዳንስ ቁጥር ነው። ይህም ለወፍራሙና ለቀጭኑ ድምፅ እኩል ስላልሆነ 8 ኦም የተባለው ስፒከር በሁሉ ድምፅ 8 ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ መገመቻ ነው። ተራ የኦም መለኪያ ብንጠቀም የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ስለሚያሳይ ብዙ ጊዜ ከ8 ያነሰ፥ 6 ያህል እናነባለን። ይህን አይቶ ስፒከሩ ተበላሽቷል ማለት አይገባም።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። ለምሳሌ አምፕሊፋየሩ 20 ቮልት የሚገፋ ቢሆን በ8 ኦም ስፒከር የሚያልፈው ፍሰት ሃያ ለስምንት ሲካፈል 2.5 አምፔር ይሆናል፤ ኃይሉም 50 ዋት ነው። በ4 ኦም ግን ፍሰቱ 5 አምፔር፥ ኃይሉም 100 ዋት ይሆናል። እንግዲህ 50 ዋት እንዲሸከም የተሠራውን መሣሪያ እኛ ሳናውቅ እጥፉን አሸከምነው። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሁለት ስፒከሮች እያንዳንዳቸው 8 ኦም ነበሩ፤ ነገር ግን ጎን ለጎን ስለ ተያያዙ ለኤሌክትሪኩ ሁለት መንገድ ከፈቱለትና ተቃውሞው በግማሽ ወደ 4 ወረደ። ተከታትለው ተያይዘው ቢሆን ኖሮ ይደመሩና 16 ይሆኑ ነበር። ሁለት የ16 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ ደግሞ 8 ይሆናሉ።

ከዚህ የምንማረው ሕግ እንደ አምፕሊፋየሩ ዓይነት ይለያያል። እንደ እኛው በትራንዚስተር የሚሠራ ከሆነ ከተጻፈው ቁጥር ያነሰ ኦም ፈጽሞ አይቀጠልበትም። ከፍ ያለ ቢቀጠልበት ግን ድምፁ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ቤት ውስጥ ለሚቀዳ ሰው ድምፁ መቀነሱ እንዲያውም ይጠቅመዋል፤ ማይክሮፎኑ ከስፒከሩ አጠገብ ስለሚቀመጥ ጎረቤት ሳይታወክ ሥራው ይሠራልና። ቫልቭ በሚባለው የመስተዋት ቱቦ የሚሠራው አምፕሊፋየር ግን ሌላ ነው። እርሱ በውስጡ ቫልቮቹን ከስፒከሩ ጋራ የሚያስታርቅ ትራንስፎርመር አለው። በጀርባውም 4፥ 8 እና 16 የተባሉ መውጫዎች ይኖሩታል። የ8 ኦም ሣጥን ከ8 መውጫ፥ የ16ም ከ16 መገናኘት አለበት። ይህን ዓይነት አምፕሊፋየር ስፒከር ሳይገናኝለት አብርቶ መጫወት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ኃይሉ የሚሄድበት አጥቶ በትራንስፎርመሩ ውስጥ ግፊቱ እጅግ ከፍ ስለሚል ሊያቃጥለው ይችላል። ድምፁን ለመቀነስ ወይም ያለ ስፒከር ለመቅዳት በመካከል የሚገባ መሣሪያ ቢኖር የእርሱም ኦም እንደ ስፒከር መስማማት ይገባዋል።

ሣጥኑን ከአምፕሊፋየሩ የሚያገናኘው ሽቦም አይናቅ። ጊታሩን የምንሰካበት ሽቦ በውስጡ ቀጭን ስለ ሆነ ለስፒከር አይሆንም። ወፈር ያለ፥ አጠር ያለ የስፒከር ሽቦ ያስፈልጋል፤ ረጅምና ቀጭን የሆነው ሽቦ ለስፒከሩ የተላከውን ኃይል በመንገድ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በኮሎኝ ኦም ባለ 2 ኢንቹን ሽቦ አንሥቶ ባለ 130 ኢንቹን ባገናኘ ጊዜ ያየው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች ምን ያስተምራል? በመጀመሪያ፥ ስሕተቱን አሳትሞ ሳለ በዓመቱ ራሱ ማረሙን እናደንቃለን። መሳሳት አያሳፍርም፤ በስሕተት መጽናት ግን ያሳፍራል። ሁለተኛ፥ ለእኛ መሰኪያው ልክ መግባቱ በቂ መስሎን ነበር፤ እርሱ ግን መስሎት ለሚታየው ነገር ሁሉ ልክ ይፈልግ ነበር። ሦስተኛም፥ ተቃውሞ ራሱ ጠላት አለመሆኑን ተረድተናል። ስፒከሩ ምንም ተቃውሞ ባይኖረው ድምፅ አይወጣም፤ መሣሪያውም ወዲያው ይቃጠላል። መጠኑ ታውቆ የተመዘነ ተቃውሞ ነው ኃይልን ወደ ዜማ የሚለውጠው። ወላጆቻችንና አስተማሪዎቻችን አንዳንድ ጊዜ ፈቃዳችንን ሲከለክሉን እናጉረመርማለን፤ ወደ ፊት ግን የጠበቀን ይኸው እንደ ነበረ እናስታውስ ይሆናል።

አምፕሊፋየሩ ተጠግኖ ለባለቤቱ ተመልሷል፤ እኛም ይቅርታ ጠይቀናል። መዝሙሩን ደግሞ ተስማሚ ሣጥን አግኝተን ቀድተነዋል። ከማብራታችን በፊት ሁላችንም በተራ ወደ ጀርባው ዞረን ቁጥሩን አነበብን። ያ ቁጥር በአንድ ወቅት ሥራው የተናቀበት፥ ነገር ግን መለካቱን ያልተወ የአንድ የትምህርት ቤት አስተማሪ ስም አለበት። በዚህ በዓል ቀን በእኛ ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዘው የደከሙትን ሁሉ በእርሱ ስም እናመሰግናለን።